የቅዳሜ ገበያ ዋጋና ወሬ፦ ጎንደር በ1950ዎቹ መጀመሪያ

የድሮ ዋጋ በተነሣ ቁጥር በጎንደር ሽማግሌዎች መካከል የሚሰማው ጨዋታ አንድ ዓይነት ነው። ዶሮ በስሙኒና በሽልንግ ይገዛ እንደ ነበር፣ አሥር ብር ይዞ የወጣ ሰው ሙክት ጎትቶ እንደሚመለስ፣ በአንድ ብር የተገዛው አስቤዛ ለሸክም ያስቸግር እንደ ነበር ይነገራል፤ ወጣቶቹም ይህን እየሰሙ የራሳቸውን ዘመን ያማርራሉ። እኔም በእኛ አቆጣጠር ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ፈረንጆቹ የ1960ዎቹ መጀመሪያ በሚሉት ዘመን፣ የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ በነበረችው ጎንደር ልጅ ነበርሁና የሚሉት ሐሰት አለመሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ዋጋው ብቻውን ተነጥሎ ሲነገር ዘመኑ የጥጋብ ዘመን ይመስላል። ርካሽ የነበረው ዕቃው ነው፤ ገንዘቡ ግን እጅግ ውድ ነበር። አንዲት ስሙኒ ከእጅ እስክትገባ ድረስ የሚከፈለው ድካም ካልተነገረ የዶሮው ዋጋ ለልጆቻችን ምንም አይነግራቸውም፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ስለ ዋጋ ለመናገር ስነሣም ስለ ወሬና ስለ መዝናኛ አብሬ መናገር ግድ ይሆንብኛል፤ በዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ሦስቱም የሚገኙት በአንድ ቦታና በአንድ ቀን፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ነበርና።

ገንዘቡ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። በእጃችን የሚገባው ሳንቲም ሁሉ 1936 የሚል ዓመት በግእዝ ቁጥር የተቀረጸበት፣ በአንድ ፊቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ፣ በሌላው የይሁዳ አንበሳ ያለበት ነበር። ስሙኒዋ፣ ማለትም 25 ሳንቲሟ፣ ጠርዟ የተጠረበና ሞገድ የሠራ ስለ ነበረ በጨለማም ቢሆን በጣት ትለያለች፤ ሽልንጉ፣ ማለትም 50 ሳንቲሙ፣ ግን እውነተኛ ብር የተቀላቀለበት ነጭ ነበርና ሲጥሉት ድምፁ የተለየ ነው። የወረቀቱ ብር ከ1937 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ሲሆን፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር። ምንዛሪው ለብዙ ዓመታት በዚያው ልክ ቆሞ ስለ ኖረ፣ ዛሬ አንዱ ዶላር ከ100 ብር በላይ መሆኑን ለሚያይ ሰው የማይታመን ይመስላል።

ይሁን እንጂ በገጠር ወረቀት የሚጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ከአርማጭሆና ከስሜን የሚመጡ ሽማግሌዎች ጠገራ ብሩን፣ 1780 የሚል ዓመትና የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበትን ያን ከባድ ብር፣ ከገበያ ከወጣም በኋላ በቅልና በእንስራ ቀብረው ያስቀምጡት ነበር። ልጃቸውን ሲድሩ ያወጡታል፤ ብር ሠሪውም አቅልጦ መስቀልና ድሪ ያደርገዋል። እናቴ በአንገቷ ያደረገችው መስቀል ከዚያ ብር የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ቁጠባ ገንዘቡን ከመዘዋወር ያወጣዋልና በገበያው ላይ የሚታየው ሳንቲም ሁልጊዜ ጥቂት ነበር።

ዋጋውን ከገቢ ጋር ላስተያየው። በከተማችን አፈር የሚያግዝ፣ ድንጋይ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ከንጋት እስከ ምሽት ውሎ ከሽልንግ እስከ አንድ ብር ያገኝ ነበር፤ ሥራው ግን በየቀኑ አይገኝም፤ በክረምት ደግሞ ከነጭራሹ ይጠፋል። በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ በወር የምታገኘው በጣት የሚቆጠር ብር ነበር፤ ምግቧና በዓመት አንድ ቀሚስ የደመወዟ ክፍል ሆኖ ይታሰብባታል። አባቴ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለ ነበረ የወር ደመወዝ ከሚያገኙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ይህም በሠፈራችን ትልቅ ክብር ነበር። ደመወዙ ከመቶ ብር በታች ቢሆንም የቤት ኪራይ፣ የእህል፣ የማገዶና የልብስ ወጪን ችሎ፣ ከገጠር የሚመጣውን ዘመድ ሁሉ ያስተናግድ ነበር። ስለዚህ በቀን ሽልንግ ለሚያገኝ ሰው አንዲት ዶሮ የአንድ ቀን ጉልበት ናት። በዚህ መለኪያ ከታየ ርካሽነቱ ሁሉ ይለወጣል፤ በሠፈራችን ዶሮ የሚበላው በዓመት በዓል ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ከሌሊቱ ይጀምራል። የደምቢያ ጤፍና ሽንብራ፣ የወገራ ገብስና ስንዴ፣ ከቆላው የሚመጣው ማሽላ፣ ጥጥና ሰሊጥ፣ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ዐርብ ማታ ወደ ከተማው ዳር ይደርሳል፤ ነጋዴዎቹም ከጭነታቸው ጎን ተኝተው ያድራሉ። ጎሕ ሲቀድ እህል ተራው፣ ቅቤ ተራው፣ ጨው ተራው፣ በርበሬ ተራውና ከብት ተራው እያንዳንዱ በየቦታው ይሞላል። ከወለቃ የሚመጡት ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ጀበናውን፣ ምጣዱንና ድስቱን በሣር ጠቅልለው በጀርባቸው ተሸክመው ይደርሳሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ማረሻና ማጭድ ይዘው ይቀመጣሉ። የቅማንት እናቶች የሚሸጡትን እንጨት ጎንበስ ብለው ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አይቼ እንደማዝን አስታውሳለሁ፤ ዛሬም ስለ ማገዶ ርካሽነት ሲነገር የማስበው ያን የጎበጠ ወገብ ነው። ኪሎ የሚባል ነገር በሱቅ እንጂ በገበያ አይታወቅም ነበር፤ እህሉ በቁና፣ ቅቤው በነጥር ይለካል። ቁናው ተሞልቶ ከላይ ክምር ይደረግበታል፤ ስለ ክምሩ ቁመት የሚደረገው ክርክር ስለ ዋጋው ከሚደረገው ይበልጥ ነበር። እናቴ በዚህ የታወቀች ነበረች፤ ዋጋውን ሳትነካ ክምሩን ታስጨምራለች።

ዋጋው ራሱ በዓመቱ ውስጥ ከፍና ዝቅ ይል እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። ጤፍ በጥርና በየካቲት፣ ከአውድማ በወጣ ማግሥት፣ በጣም ይረክሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን እጅግ ይወደዳል። ይህ የሆነው ገበሬው ስለ ወደደ አልነበረም። በበጌምድር መሬቱ እንደ ደቡቡ አገር በጋሻ ተለክቶ ባይከፋፈልም፣ ባለ ርስቱ ሁሉ የመሬት ግብር ነበረበት፤ በዚያ ላይ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ግብር፣ ቀጥሎም የጤና ግብር ተጨምረውበታል። ግብሩ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ደግሞ ገበሬው ቤት አይበቅልም። ስለዚህ እህሉን ሁሉም በአንድ ወቅት ወደ ገበያ ያወጡታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስላወጡትም ዋጋው ይወድቃል፤ በክረምት ጎተራው ሲራቆት ያንኑ እህል ከነጋዴው በእጥፍ ይገዛሉ፤ ገንዘብ ከሌላቸውም በአራጣ ይበደራሉ። በጥር የረከሰውን ጤፍ በደስታ ይሸምት የነበረው የእኛ ዓይነት ደመወዝተኛ ቤተሰብ ነው፤ የእኛ መልካም ዘመን የደምቢያው ገበሬ የጭንቅ ወር ነበር። ሽማግሌዎቻችን የሚጠሩት ዝቅተኛ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የጥር ዋጋ ነው፤ የነሐሴውን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ጾሙም በዋጋው ላይ ሥልጣን ነበረው። በሁዳዴ 55 ቀናት ቅቤና እንቁላል የሚጠይቃቸው ስለሚጠፋ ይረክሳሉ፤ በአንጻሩ የሽንብራ ሽሮ፣ ኑግና ተልባ ይወደዳሉ። የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ደግሞ ዶሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋጋዋ ወዲያው ይነሣል። በዚህ ጊዜ በአዲስ ዓለም የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጾማችን ወራት በርካሽ ሲገዙ፣ የእኛ ሰዎች ደግሞ በረመዳን ወቅት ለእነርሱ ሽያጭ ይዘጋጃሉ። የሁለቱ ሃይማኖት ቀን መቁጠሪያ በአንድ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን መሥራቱን ልጅ ሆኜም ልብ ብዬዋለሁ፤ ይህ ዛሬ ስለ መቻቻል ከሚሰጠው ንግግር ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ነገር ነው።

ከፋብሪካ የሚመጣው ዕቃ የሚገኘው በዐረብ ቤት ነበር። የየመን ሰዎች የያዟቸው እነዚያ ጠባብ ሱቆች ስኳር፣ ነጭ ጋዝ፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ መርፌና አቡጀዲ ይሸጡ ነበር፤ ለሚያምኑት ደንበኛም በደብተር ያበድራሉ። ስኳሩ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ወንጂ ሲመረት የቆየው የአገር ውስጥ ስኳር ነበር። በእነዚሁ ዓመታት ባሕር ዳር ላይ በጣሊያን የጦር ካሣ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ የአቡጀዲ ነገር በሠፈራችን ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር። ሴቶቹ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ፈትል ሲፈትሉ፣ ሸማኔው በጉድጓዱ ተቀምጦ ሲወረውር ለሳምንታት የሚደክሙበትን ጨርቅ መኪናው በአንድ ጊዜ ያወጣዋል መባሉ አስደሰታቸውም፣ አስፈራቸውም። ሁለቱም ስሜት ትክክል ነበር፤ ልብሱ በረከሰ መጠን ከፈትል የምትገኘው የእናቶች ሳንቲምም ቀንሳለች።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ። ጎንደር ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በሌላው ወገን ከአስመራ ጋር የሚያገናኛት ጣሊያን በሊማሊሞ ገደል የሠራው መንገድ ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ የሚደርሰን በአዘዞ በሚያርፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታ አውሮፕላን፣ አለዚያም በአውቶቡስ ስለ ነበረ፣ ያነበብነው ሁሉ ቀናት ያለፉት ነው። ከጋዜጣው የሚፈጥኑት ትሬንታ ኳትሮ የሚባሉት የጣሊያን ጭነት መኪናዎች ነጂዎች ነበሩ። እነርሱ ከአስመራ፣ ከአድዋና ከሽሬ ያመጡትን ወሬ ፒያሳ ላይ ቡና እየጠጡ ያወጡታል፤ ፒያሳው ደግሞ ለገበያው ያደርሰዋል። ከመተማ በኩል የሚመጡት ነጋዴዎች የሱዳኑን ወሬ ይዘው ይመጣሉ። ገጠሬው ቅዳሜ ሲመጣ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ገበያው እንዴት ዋለ ይላል፤ ቀጥሎም አገሩ ሰላም ነው ወይ፣ ምን ተሰማ ይላል። መልሱን ሰምቶ ሲመለስም ወሬው ከጨውና ከበርበሬው ጋር ደምቢያና በለሳ ይደርሳል።

ራዲዮ የነበራቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። በሠፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ነበሩ፤ ትልቁ ራዲዮናቸው በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ከአልጋው ራስጌ ይቀመጣል፤ ማታ ዜና ሲደርስ ጨርቁ ይገለጣል። እኛ ልጆች በደጃፍ፣ ትልልቆቹ በመደብ ተቀምጠን እንሰማ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ዋጋ ውድ ስለ ነበረ ዜናውና አንድ ሁለት ዘፈን እንዳለቀ ይዘጉታል፤ ማንም ይቀጥሉ አይላቸውም። ጎረቤቱ ለዚህ ውለታ ጠላ ሲጠምቅ የመጀመሪያውን ማንቆርቆሪያ ለእርሳቸው ይልካል።

በዚያ ዘመን ታላላቅ ዜናዎች ምን ያህል ጊዜ በቅዳሜ እንደ ወደቁ ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ስለሆነም በዓመቱ ካሉት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ የቆመበት ቀን ነበር። በግ ነጂው፣ ዶሮ ሻጩ፣ ቄጠማና ዐደይ የያዘው ሕፃን ተጋፍቶ ውሎ ሲበተን፣ በዚያው ምሽት ሮም ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ አሸነፈ። ሩጫው ያለቀው በእኛ ሌሊት ነውና ዜናው የደረሰን በዕንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መቶ አለቃው በደጃቸው ቆመው ለሚያልፈው ሁሉ ይናገሩ ነበር። ጣሊያን በጎንደር ምሽግ የመጨረሻውን እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ በመካከል ያለፈው 19 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር፤ ስለዚህ በሮም አደባባይ ያሸነፈው ወታደር ለጎንደር ሰው ምን ማለት እንደ ነበር ማስረዳት አያስፈልገኝም። ገጠሬዎቹ ግን ወሬውን የሰሙት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ባዶ እግሩን ነበር ሲሏቸው ብዙም አልተደነቁም፤ እነርሱም ከወገራ የመጡት በባዶ እግራቸው ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከዚያ ሦስት ወር በኋላ መጣ። ማክሰኞ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድሙ ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥቱን ጀመሩ። ረቡዕ ዕለት አልጋ ወራሹ በራዲዮ ያነበቡት አዋጅ በመቶ አለቃው ቤት ሲሰማ ትልልቆቹ ቃል አልተነፈሱም። አዲስ ነጻነት ያገኙት የአፍሪካ አገሮች እየቀደሙን ነው የሚለውና አልጋ ወራሹ ራሳቸው በደመወዝ ሊያገለግሉ መስማማታቸውን የሚናገረው ክፍል ግን በሠፈሩ ለብዙ ጊዜ በሹክሹክታ ይወሳ ነበር። ንጉሥ በደመወዝ! ደመወዝ የሚለው ነገር የከተማው ሰው የጭንቀቱም የተስፋውም ማዕከል ነበርና ከአዋጁ ሁሉ የቀረው ይህ ነው። ሐሙስና ዐርብ አዲስ አበባ ላይ ውጊያ ሲሆን ጎንደር ውስጥ እናቶች ጨውና ነጭ ጋዝ ገዝተው ቤታቸው ማስገባት ጀመሩ፤ የእኔም እናት ያላትን ሳንቲም ሁሉ በጨው ለወጠችው። በአስመራ በኩል የተመለሱት ንጉሠ ነገሥት አዲስ አበባ የገቡት ቅዳሜ ታኅሣሥ 8 ቀን ነው። በዚያ ቀን ገበያው ቆሟል፤ ነገር ግን ሰው የሚገዛውን ገዝቶ ሳይጨዋወት ተመለሰ። ምን ተሰማ የሚል አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ወታደሮች ስለ ደመወዝ ጭማሪ አቤት ብለው እንደ ተጨመረላቸው ተሰማ፤ አባቴና ባልደረቦቹ ስለ ራሳቸው ደመወዝ ጮክ ብለው ሲነጋገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ዘፈኑም፣ ሩጫውም፣ ዐመፁም ከአንድ የጦር ሠፈር መውጣቱን ያስተዋልሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ በራዲዮ የምንወደው ጥላሁን ገሠሠ የዚያው የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር፤ መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከረውም ይኸው ክፍል ነው። በዘመኑ አገሪቱ ካላት ገንዘብና ትምህርት ብዙው ወደዚያ ስለ ፈሰሰ፣ ደስታችንም ድንጋጤያችንም ከአንድ በር መጣ።

በጎንደር ግን ዘፈን ከራዲዮ በፊትም ነበረ፤ ከራዲዮም ይበልጥ ነበር። ከከተማው አቅራቢያ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ናት፤ ልጆች ማሲንቆ የሚማሩት ከአባታቸው ነው። አዝማሪው በጠጅ ቤት ገብቶ በተቀመጠው ሰው ስም ግጥም ያወርዳል፤ ሰምና ወርቁን የሚሰማ ያደምጣል፤ የገበያውን ዋጋ፣ የዳኛውን ጉቦ፣ የባለጸጋውን ንፉግነት ሁሉ በዜማ ይነግራል። ከታኅሣሥ 1953 በኋላ ግጥሞቹ እጅግ ረቀቁ፤ ሰው የሚስቀው ዘግይቶ ነበር። ሽልማቱ ሳንቲም ነው፤ በግንባሩ ላይ የሚለጠፍ ብር የሚያገኘው በሠርግ ወቅት ብቻ ነው። ሠርጉ የሚበዛው በጥርና በየካቲት ነውና፣ እህል ሲረክስ የአዝማሪው ገቢ ይደምቃል፤ በክረምት ግን እርሱም እንደ ገበሬው ይቸገራል። ጋዜጠኛና አዝናኝ በአንድ ሰው ላይ የተዋሐዱበት እንዲህ ያለ ሙያ በክብር አለመያዙ ያሳዝነኝ ነበር፤ ዛሬም ያሳዝነኛል። ግጥሙን ወድደው፣ ማሲንቆውን ወድደው፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም ነበር።

በፒያሳ የጣሊያን ዘመን ሲኒማ ቤት ነበረ። የምዕራቡን ፊልም ከሽጉጡና ከፈረሱ የተነሣ፣ የሕንዱን ከዘፈኑና ከልቅሶው የተነሣ፣ ቋንቋው ሳይገባን ወድደነዋል። መግቢያው ሳንቲም ነበር፤ ግን ሳንቲሙ የእንቁላል፣ የጨው፣ የክብሪት ሳንቲም ስለሆነ ከቤት ማስፈቀድ ከባድ ነበር። አንዱ ልጅ ብቻ የገባበትን ፊልም እርሱ ማታ ለሁላችን ያወራዋል፤ በጃንተከል ዋርካ ሥር ተቀምጠን ሰምተን፣ በማግሥቱ ራሳችን ያየነው ያህል እንጫወተው ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው መዝናኛ ግን ገንዘብ የማይጠይቀው ነበር። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወርደው፣ ሌሊቱን ማኅሌት ተቆሞ፣ ጠዋት ውኃው ሲባረክ፣ ወጣቱ ከግንቡና ከዛፉ ላይ ሲዘል፣ እስክስታው ከሠፈር ሠፈር ሲለያይ የሚታየው ትርኢት ለአገሩ ሰው ሁሉ ነጻ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ጥምቀት ላይ ሌላ ወሬም ነበር። አዲስ አበባ የተዘጋጀው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ሳምንት ይካሄድ ነበርና፣ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ማሸነፋችን አስቀድሞ ተሰምቷል። ከቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ እሑድ ጥር 13 ቀን፣ የፍጻሜው ጨዋታ ከግብፅ ጋር ሆነ። በመደበኛው ጊዜ 2 እኩል ወጥተው፣ በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አለቀ፤ አምበላችን የኢታሎ ወንድም ሉቺያኖ፣ አሠልጣኙም ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የመቶ አለቃው ባትሪ በዚያ ቀን አልተቆጠበም። ከዚያ በኋላ በሠፈራችን ያለ የጨርቅ ኳስ ሁሉ መንግሥቱ ወርቁ በሚባል ልጅ ይመታ ነበር፤ ሁላችንም መንግሥቱ ነበርንና።

የከተማውን ኑሮ ከለወጡት ነገሮች መካከል የጤና ኮሌጁን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሰው የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ኮሌጁ በ1940ዎቹ አጋማሽ በጎንደር እንዲቋቋም ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በቡድን ሆነው ወደየወረዳው የሚወጡት ከዚህ ተምረው ነው። በ1950 ክረምትና በ1951 መጀመሪያ በአገሪቱ የተነሣው ሌላው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ነው፤ ከደምቢያ የሚመጡት ጫኞች ማነሳቸውን፣ በአዝመራ ጊዜ አጫጅ መጥፋቱን ትልልቆቹ ሲያነሡ እሰማ ነበር። ጤፍ የተወደደበትን ዓመት የሚያስታውስ ሰው ለምን እንደ ተወደደ አብሮ ሊያስታውስ ይገባል፤ ያን ጊዜ ዋጋውን ከፍ ያደረገው ነጋዴ ብቻ ሳይሆን የወባ ትንኝም ነበረች።

በ1955 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ደረሱ። ጎልማሶቹ አሜሪካውያን በብስክሌት ሲሄዱ፣ ገበያ ወርደው በተሰባበረ አማርኛ እንቁላል ሲጠይቁ ሕፃን ሁሉ ይከተላቸው ነበር። ሻጮቹ ለእነርሱ ዋጋ ከፍ ማድረጋቸው እውነት ነው፤ ዘግይቶም ያው ዋጋ ለእኛም ሆነብን ብላ እናቴ ታማርር ነበር። ቢሆንም እንግሊዝኛ ያስተማረችኝ ከእነርሱ አንዷ ናት፤ ስለዚህ ሂሳቡን በእንቁላል ብቻ አልዘጋውም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት ዐርብ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. በእኛ ማታ ነውና፣ በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ላይ እነዚያ አስተማሪዎች ሲያለቅሱ ያየ ገበሬ ማን እንደ ሞተባቸው ጠየቀ፤ ሲነገረውም እንደ አገሩ ወግ ቆሞ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አላቸው።

እቴጌ መነን ያረፉት ሐሙስ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር፤ ለቅሶው በከተማው ሁሉ ተደርጓል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ቅዳሜ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ 32 የአፍሪካ አገሮች የአንድነቱን ድርጅት ቻርተር አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። አባቴ ያን ዜና እንደ ሠርግ ጥሪ በኩራት ይናገረው ነበር፤ ኮንጎ የዘመተ የአክስት ልጅ ስለ ነበረው አፍሪካ የሚለው ስም ለቤታችን ሩቅ አልነበረም።

በእነዚህ ዓመታት መጨረሻ ላይ የወሬው መንገድ ተለወጠ። በትንሽ ባትሪ የሚሠራው፣ በእጅ የሚያዘው ትራንዚስተር ራዲዮ በዐረብ ቤት መደርደሪያ ላይ መታየት ጀመረ፤ ዋጋው ከብዙ ጸሐፊ የወር ደመወዝ የማያንስ ቢሆንም የነጋዴው፣ የአስተማሪውና የጭቃ ሹሙ እጅ ገባ። በየካቲት 1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን በይፋ የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ከመንግሥቱ ራዲዮ ሌላ ተጨማሪ ድምፅ ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ለእኛ ግን ይህ ገና የሌላ አገር ነገር ነበር።

ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ረቡዕ ጥቅምት 11፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ እንደገና አሸነፈ። ሩጫው ያለቀው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በዚያው ዕለት ከቀትር በፊት ፒያሳው ሰምቶ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደርሶ ከወገራ ለሚመጡት ለመንገር ገበያ ስንወርድ አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ በዳባት አንድ አስተማሪ ራዲዮ ነበረውና። ወሬውን ለመስማት ገበያውን የጠበቀ ሰው አልነበረም። ጤፉ ግን በዚያ ቀንም በቁና ተሰፍሮ፣ በክምሩ ላይ ተከራክረን፣ ክረምቱ ባወጣው ዋጋ ገዛነው፤ አዲሱ አዝመራ ገና አልደረሰም ነበርና።